የዓለም የገንዘብ ሥርዓት ይሻሻል ማለት ልመና ነው እንዴ?

ደሴ ላይ ቡና ተፈልቶ የዶላር ነገር ከተነሳ ወሬው ለአገሮች የሚያበድረው የዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ ሳይደርስ አያበቃም። የሚባለው ግን ግማሹ ስህተት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«ያው ልመና ነው»

አይደለም። የዕዳ ይቀነስልን ጥያቄ አለበት፤ ዋናው ግን ደንቡ ነው፤ ማን ይወስናል፣ በስንት ወለድ እንበደራለን፣ መክፈል ሲያቅተንስ ምን ይደረጋል? ደግሞ ዕዳ የሚቀነሰው ለአፍሪካ ብቻ መስሎ ይወራል። ምዕራብ ጀርመን በ1953 ለንደን ላይ ግማሽ ያህል ዕዳዋ ተነስቶላታል። ለማኝ ያላት የለም።

«አባል ከሆንን ድምፃችን እኩል ነው»

ኢትዮጵያ በ1944 አይኤምኤፍ በተወጠነበት የብሬተን ውድስ ጉባኤ፣ አሜሪካ ላይ፣ ከተሰበሰቡት 44 አገሮች አንዷ ነበረች። ግን ምን ዋጋ አለው! እኛ ወሎዎች ቅሬ (እድራችን) ላይ ባለሱቁም ገበሬውም እኩል ይናገራል፤ አይኤምኤፍ ላይ ድምፅ የሚቆጠረው በዋናነት በኮታ፣ ማለትም አገሩ በኢኮኖሚው ልክ በሚያዋጣው ድርሻ፣ ነው። አሜሪካ ብቻዋን 16 ከመቶ በላይ ድምፅ አላት። ትልልቆቹ ውሳኔዎች 85 ከመቶ ስለሚጠይቁ እሷ እንቢ ካለች አለቀ።

«በክፉ ቀን ገንዘቡ መጀመሪያ ለድሃ ይሰጣል»

በኮሮናው ጊዜ፣ በ2021፣ አይኤምኤፍ 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል መጠባበቂያ አከፋፈለ። አከፋፈሉ በኮታ ስለሆነ መላው አፍሪካ የደረሰው 33 ቢሊዮን ገደማ ነው።

«መክፈል ያቃተው አገር ተደራድሮ በወራት ይገላገላል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለከሰረ ድርጅት ሕግም ፍርድ ቤትም አለ። ለከሰረ አገር የለም። ያለው ቡድን 20 የሚባለው የትልልቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ በ2020 ያወጣው፣ የጋራ ማዕቀፍ የሚባል የዕዳ ማስተካከያ አሠራር ነው። ኢትዮጵያ በ2021 መጀመሪያ አመለከተች፣ ከዚያ ጥበቃ ብቻ። አበዳሪ መንግሥታቱ በቻይናና በፈረንሳይ ሰብሳቢነት ይመክሩ ነበር፣ ቦንድ (የመንግሥት የብድር ሰነድ) የገዙት ባለሀብቶች ደግሞ ለብቻቸው ነበሩ፣ ሁሉም «እኔ ስቀንስ ያኛው ሙሉውን ሊቀበል ነው» እያለ ሌላውን ይጠረጥር ነበር። በዚህ መሃል ዲሴምበር 2023 ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ከመንግሥታቱ ጋር በመርህ ደረጃ ስምምነት የተደረሰው ማርች 2025 ነው። አራት ዓመት! ይሻሻል የሚሉት ሰዎች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ቁርጥ ያለ ቀነ ገደብ ይኑር፣ ድርድሩ እስኪያልቅ ክፍያው ይቁም፣ አበዳሪዎቹም በሙሉ አብረው ይቀመጡ።

«ጥፋቱ የፈረንጅ ብቻ ነው»

ይቺን እንኳ ተዉኣት። በውጭ ብድር የተጀመረው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ ባቡር ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደርሶ ለዓመታት ያለ ሥራ ተቀምጧል። ጦርነቱም የመብራቱም ጉዳይ አለበት፣ እሺ፤ ወለዱ ግን ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ አልጠበቀም። ጁላይ 2024 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፣ በዶላር የተበደርነውም በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ኮታው ነገ ቢስተካከል እንኳ ይህኛው ሒሳብ የሚከፈለው ከእኛው ኪስ ነው።