ድርቅ፣ ራሽን፣ ክምችት፦ የአደጋ ጊዜ አቅርቦት ቃላት በኢትዮጵያ

በእርዳታ ሥራ የሚነገሩት ቃላት አብዛኞቹ በየቤቱ የታወቁ ናቸው። ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ግን እያንዳንዱ ቃል ማን ምን ያህል እንደሚወስድ ይወስናል።

«አስቸኳይ ጊዜ» የሕግ ቃል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት አዋጁን የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። «ድንገተኛ» ደግሞ የሐኪም ቤት ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። «አደጋ» እና «ስጋት» በአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ስም ጎን ለጎን የተቀመጡት በከንቱ አይደለም። ጎርፉ አደጋ ነው፤ ስጋቱ ግን ጎርፉ በሚያልፍበት ቦታ ማን እንደሰፈረና የመቋቋም አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ተደምሮ የሚሰላ ነው። በ1966 ዓ.ም. ከወሎ ረሃብ በኋላ የተቋቋመው ኮሚሽን ስሙ ከእርዳታ ማስተባበር ወደ መከላከልና ዝግጁነት፣ ቀጥሎም ወደ ስጋት ሥራ አመራር የተቀየረው ይህን አስተሳሰብ ተከትሎ ነው።

ድርቅ የዝናብ ጉዳይ ነው፤ ረሃብ የሰው። በዓለም አቀፉ የምግብ ዋስትና መመዘኛ ረሃብ የሚባለው አምስተኛውና የመጨረሻው ደረጃ ሲሆን፣ በአንድ አካባቢ ከአምስት ቤተሰብ ቢያንስ አንዱ ከፍተኛ የምግብ እጦት ሲደርስበት፣ ከሕፃናቱ 30 በመቶ ያህሉ በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሲጎዱና ከ10,000 ሰው በቀን 2 ሲሞት ነው። ጋዜጦቻችን ሁለቱን ቃላት እያቀያየሩ ይጽፋሉ፤ ይህ ደግሞ ማስጠንቀቂያውንም መርዶውንም ያደበዝዛል።

«ተፈናቃይ» ከቀዬው ተነስቶ በአገሩ ውስጥ ያለ ነው፤ «ስደተኛ» ድንበር የተሻገረ። መዝገባቸውም ኃላፊ መሥሪያ ቤታቸውም የተለያየ ነው።

ብዙ ጭቅጭቅ ያለው «ራሽን» ላይ ነው። የተለመደው ሙሉ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። እህሉ የሚመጣው በ50 ኪሎ ከረጢት ስለሆነ ሳይፈታ የሚዳረሰው ለ10 ሰው ሦስት ከረጢት ሲሰጥ ነው። ባለ 4 ሊትር የዘይት ቆርቆሮ 3.6 ኪሎ ገደማ ስለሚይዝ ለ8 ሰው ይበቃል። ሰባት ነፍስ ያለው ቤት 105 ኪሎ እህል ይደርሰዋል፤ ሁለት ከረጢት ተሸክሞ ቢሄድ እንኳ 5 ኪሎ ይቀርበታል፣ ዘይቱንም ከጎረቤት ጋር መካፈል አለበት። ሽርፍራፊው በሚዛን ሳይሆን በጣሳ ሲሰፈር ማነስና መብዛት ይመጣል። ጣሳ የሚለካው ይዘትን እንጂ ክብደትን አይደለም፤ የሰፋሪው እጅም ይለያያል፣ አንዱ ቆልሎ ሌላው ላጭቶ ይሰፍራል። መዝገብ ላይ ከረጢትና ኩንታል (100 ኪሎ) ከተቀላቀሉ ቁጥሩ በእጥፍ ይሳሳታል። ሌላው ችግር ራሽኑን መበተን ነው፦ ተረጂውን የሚመርጠው ልየታ ያስቀረውን ጎረቤት ላለማስቀየም የአምስቱ ለአሥር ይከፋፈልና ሁሉም ሳይጠግብ ይቀራል። ስንዴው ሳይፈጭ ስለሚሰጥም የወፍጮ ዋጋ ከዚያው እህል ተሸጦ ይከፈላል።

«አልሚ ምግብ» ሲባል ሁለት ነገር አለ። ፋሚክስ የእህልና የጥራጥሬ ድብልቅ ዱቄት ነው፤ በንጹሕ ውሃ በገንፎ ወይም በአጥሚት መልክ ይሠራል። ፕላምፒ ነት ከለውዝ የሚሠራ፣ 92 ግራምና 500 ኪሎ ካሎሪ ያለው፣ ውሃ ሳይገባበት የሚበላ እሽግ ምግብ ነው። ይሄኛው ምግብም መድኃኒትም ነው፤ የሚታዘዘው ከ6 እስከ 59 ወር ሆኖ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ፣ በከባድ ለተጎዳ ሕፃን ነው። ወንድምና እህት ሲካፈሉት የሕፃኑ ክብደት ሳይጨምር ይቀራል፤ የጤና ባለሙያውም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ በሽታ ይፈልጋል።

በ1997 ዓ.ም. የጀመረው «ሴፍቲኔት» ከአስቸኳይ እርዳታ ይለያል። ተጠቃሚው በየዓመቱ የእህል እጥረት የሚያገኘው፣ አስቀድሞ የታወቀ ቤተሰብ ነው። አቅም ያለው በእርከንና በመንገድ ሥራ ይሳተፋል፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ በ«ቀጥታ ድጋፍ» ሥር ሥራ ሳይሠሩ ድጋፉን ይወስዳሉ።

«መጠባበቂያ ክምችት» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያሳስታል፤ የሚታደል እህል ይመስላቸዋል። አሠራሩ ግን ብድር ነበር፦ እርዳታ ሰጪው መርከብ እስኪደርስለት ከኮምቦልቻ፣ ከናዝሬት ወይም ከድሬዳዋ መጋዘን ያወጣል፣ እህሉ ሲገባለት ይተካል። መተካቱ ሲዘገይ መጋዘኑ ለሚቀጥለው ድርቅ ባዶ ይጠብቃል። በመጋዘኑ ውስጥ ከረጢቱ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ተለይቶ ይደረደራል፤ ያ ክፍተት ከሌለ እርጥበት ይጠባል፣ ጠባቂውም ዙሪያውን እየዞረ ነቀዝና የአይጥ ፍግ ማየት አይችልም። ከሁሉ በፊት የሚወጣው ቀድሞ የሚበላሸው ነው፤ ቀድሞ የገባው ሁልጊዜ እሱ ላይሆን ይችላል።