የጠባሳ ለውጥ ክትትል

የጠባሳ ክትትል ቁስል ከጠገገ በኋላ የሚቀረው ምልክት በቀለም፣ በውፍረት፣ በልስላሴና በስሜት የሚያሳየውን ለውጥ በየጊዜው እየለኩ የመመዝገብ ሥራ ነው። ጠባሳ ከአንድ ዓመት በላይ ሊለዋወጥ ስለሚችል የአንድ ቀን ምርመራ ስለ መጨረሻ መልኩ ብዙም አይናገርም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠባሳው ይቀላል፣ ይደድራል፣ ያሳክካል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ሐምራዊ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ መስሎ ይታያል። ከውስጥ ደግሞ በጥድፊያ የተሠራው ሦስተኛው ዓይነት ኮላጅን (ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ፕሮቲን) ቀስ በቀስ በአንደኛው ዓይነት ይተካል። ጥንካሬው በሦስተኛው ሳምንት የጤነኛውን ቆዳ ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ በሦስት ወር 80 በመቶ ገደማ ይደርስና እዚያው ይቆማል። ኮላጅኑ ከዓመታት በኋላም እየፈረሰ ይታደሳል፤ ለመታደስም ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ በእንግሊዛዊው የባሕር ኃይል አዛዥ በጆርጅ አንሰን የባሕር ጉዞ ላይ በቫይታሚን ሲ እጦት የታመመ አንድ ሰው፣ ከ50 ዓመት በፊት የሻረ ቁስሉ ዳግም እንደተከፈተ ተመዝግቧል።

በስፋት የሚታወቀው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1990 ለቃጠሎ ጠባሳ የወጣው የቫንኩቨር መለኪያ ነው። ለደም ሥር ብዛት እስከ 3፣ ለቀለም እስከ 2፣ ለልስላሴ እስከ 5፣ ለከፍታ እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 13 ነው። መርማሪው ጠባሳውን በጣቱ ተጭኖ ሲነጣና ደሙ ሲመለስ ይመለከታል፤ አንቀሳቅሶ ይፈትሻል፤ እንደ ገመድ የተወጠረ ሆኖ ካገኘው 4፣ በቋሚነት የተኮማተረ ከሆነ 5 ይጽፋል። ከፍታው ከ2 ሚሊሜትር በታች ከሆነ 1፣ ከ5 በላይ ከሆነ 3 ያገኛል። መለኪያው ሕመምንና ማሳከክን አለመጠየቁ፣ ሁለት መርማሪዎችም የተለያየ ነጥብ ሊሰጡ መቻላቸው ያስተቸዋል። ትችቱ ተገቢ ነው፤ ይሁንና በቃጠሎ ክፍሎች የሚሠሩ ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በጣትና በማስመሪያ፣ በትዕግሥት ያካበቱት መዝገብ ለሙያው ትልቅ ውለታ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ፖሳስ የተሰኘው መለኪያ ደግሞ ታካሚው ራሱ ስለ ሕመሙና ስለ ማሳከኩ ከ1 እስከ 10 ነጥብ እንዲሰጥ አደረገ። አልትራሳውንድም ውፍረትን ለመለካት ያገለግላል።

ፎቶግራፍ የሚጠቅመው ርቀቱ፣ ብርሃኑና የአካሉ አቀማመጥ ሳይለወጥ፣ ማስመሪያ ከጎን ተደርጎ ሲነሳ ነው። ከፊት የሚበራ ፍላሽ ጥላውን አጥፍቶ ያበጠውን ጠባሳ ለጥ ያለ ያስመስለዋል፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ከፍታውን ያወጣዋል።

ያበጠ ጠባሳ በቁስሉ ወሰን ውስጥ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜም በራሱ ይሟሽሻል። ኬሎይድ ግን ወሰኑን አልፎ ወደ ጤነኛው ቆዳ ይስፋፋል፤ ከወራት በኋላም ሊጀምር ይችላል። የቁስሉ ጠርዝ ገና ከጅምሩ በስስ ፕላስቲክ ላይ ካልተሳለ ወይም በፎቶግራፍ ካልተያዘ፣ ሁለቱን መለየት ይከብዳል።