«የምስጋና ወረቀት» ምንድን ነው?

ፖሊስ ወይም ደንብ አስከባሪ ከኪሱ ወረቀትና እስክሪብቶ ሲያወጣ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ቅጣት ሊቆረጥ ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች «ፖዚቲቭ ቲኬት» የሚባለውና እኔ በዚህ ጽሑፍ «የምስጋና ወረቀት» የምለው ነገር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ልጅ ወይም ወጣት ራሱን ወይም ሌላውን ከአደጋ የሚጠብቅ፣ አልያም ለጎረቤት የሚበጅ ነገር ሲያደርግ ሲገኝ፣ ያየው የሕግ አስከባሪ እዚያው አስቁሞት፣ ያደረገውን በስሙ ጠርቶ አመስግኖት ትንሽ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱም በአንድ ቁራሽ ፒዛ፣ በመዋኛ ገንዳ መግቢያ ወይም በመሰል ቀላል ነገር ይመነዘራል።

አሠራሩ በስፋት የታወቀው በቫንኩቨር አጠገብ በምትገኘው የካናዳ ከተማ በሪችመንድ ሲሆን፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የከተማዋን ፖሊስ ይመሩ የነበሩት ዋርድ ክላፋም ባልደረቦቻቸው ወጣቶችን ጥፋት ላይ ብቻ ሳይሆን መልካም ሥራ ላይም «እንዲይዟቸው» ማዘዛቸው ነው ስሙን ያስነሣው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 በአሜሪካ ፊላደልፊያ፣ ሰቨን ኢለቨን የተባለው የሱቆች ድርጅት ብስክሌት ሲነዱ ሄልሜት ለሚያደርጉና በሰፈራቸው በጎ ነገር ለሚሠሩ ልጆች ፖሊሶች የሚያድሉትን የበረዶ መጠጥ ኩፖን አውጥቶ ነበር። የሪችመንድ ፖሊሶች የወጣቶች ጥፋት መቀነሱን ተናግረዋል፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ሌላም ብዙ ሥራ ይሠሩ ስለነበር ውጤቱን ሁሉ ለወረቀቷ መስጠት አይገባም።

ከጀርባው ያለው ሐሳብ ያረጀ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአይጦችና በርግቦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ደስ የሚል ነገር ተከትሎት የመጣ ድርጊት እንደሚደጋገም አሳይቷል። እኛ ለዚህ «ማበረታቻ» የሚል ቃል አለን፤ ሥሩ «በረታ» ነው፤ በርትቶ የተገኘውን ይበልጥ እንዲበረታ ማድረግ ማለት ነው። ከ«ማባበያ» ጋር መምታታት የለበትም። የሚያለቅስ ልጅ ዝም እንዲል ከረሜላ መስጠት ማባበል ነው፤ ልጁ የሚማረውም ማልቀስ ከረሜላ እንደሚያስገኝ ነው። ማበረታቻ ሥራውን ተከትሎ ይመጣል፤ ማባበያ ከሥራው ፊት ፊት ይሄዳል። የምስጋና ወረቀት ቁም ነገሩ በዚህ የጊዜ ቅደም ተከተል ላይ ያረፈ ነው።

ይህን ከካናዳ የመጣ ሐሳብ በአዲስ አበባ ዳር ባለው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቆሜ ሳስበው ሌላ መልክ ይይዝብኛል። የከተማችን ዳር ዳር ኮንዶሚኒየሞች ነዋሪ በዕጣ የተሰባሰበ ነው፤ አንዱ ከልደታ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ፣ ሌላው ከካዛንቺስ መጥቶ በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ጎረቤት ሆኗል። በቀድሞ ሰፈራችን መንገድ ላይ ያጠፋን ልጅ ማንም ትልቅ ሰው አስቁሞ «የማን ልጅ ነህ?» ይለው ነበር፤ ልጁ የእናቱን ስም ለመጥራት ሲፈራ ግማሹ ቅጣት እዚያው ያልቅ ነበር። በብሎኮቹ መካከል ግን ጥያቄው ራሱ ጠፍቷል፤ የማን ልጅ እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይቆጣም፣ የማይቆጣ ሰውም አያመሰግንም። በዚያ ላይ እኛ ለምስጋና እጃችን ያጠረ ሕዝብ ነን። «ሙያ በልብ ነው» እያልን ስላደግን፣ ልጅን ፊት ለፊት ማሞገስ የሚያበላሸው የሚመስለን ጥቂት አይደለንም። ከትልልቅ ሰዎች ምርቃት በስተቀር ለልጅ የሚሰጥ የአደባባይ ምስጋና እምብዛም የለንም። ስለዚህ በእኔ ግምት ወረቀቷ እዚህ ልትሠራ የምትችለው ዋናው ሥራ ያንኑ የድሮ ጥያቄ መልሳ ማምጣት ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ለጥፋት ብቻ ሳይሆን ለመልካም ሥራም እንዲጠየቅ።

ባለፈው የትምህርት ዓመት ጠዋት ጠዋት ታክሲ የምጠብቀው አስፋልቱ ዳር፣ ጉልት ከሚሸጡ እናት አጠገብ ነበር። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰና «ቁም» የሚል ሰሌዳ የያዘ አንድ የተማሪ ትራፊክ እዚያ ይቆም ነበር፤ ዕድሜው ቢበዛ 12 ቢሆን ነው። አንድ ሰኞ ሁለት ሕፃናት ኳሳቸውን ተከትለው ወደ መንገዱ ሲሮጡ፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ቁልቁል እየወረደ ነበር። ልጁ ሰሌዳውን ጥሎ ሁለቱንም በቦርሳቸው ማንጠልጠያ ወደ ኋላ ጎተታቸው። ኳሷ ከጎማው ሥር ገብታ ፈነዳች። ጥቂት ቆይቶ የመጣ አንድ አስተናባሪ የተናገረው ቃል ቢኖር «ሰሌዳህን ለምን ጣልክ?» የሚል ነበር። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ሰሌዳውን አነሣ። ድንች የሚሸጡት እናት ብቻ «እደግ የኔ ልጅ፣ ክፉ አይንካህ» አሉት፤ ያኔ ቀና አለ። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ልጅ የሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም።

ታዲያ ሽልማት ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት አይደለም። በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሉ። ለአንደኞቹ ከሣሉ የሚያምር የምስክር ወረቀት እንደሚሸለሙ አስቀድመው ነገሯቸው፤ ለሁለተኞቹ ሳይነግሩ ከሣሉ በኋላ ድንገት ሰጧቸው፤ ለሦስተኞቹ ምንም አልሰጡም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ሲታዩ፣ ሽልማት ተስፋ የተሰጣቸው ልጆች በመሣል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ድሮ ይወዱት የነበረው ጨዋታ ተስፋ ለተሰጣቸው ልጆች ክፍያ የሚጠበቅበት ሥራ ሆኖባቸው ነበር። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ለቡሄ ደጃችን መጥተው «ሆያ ሆዬ» የሚሉ ልጆች ሙልሙል ይዘው መርቀው ይሄዱ እንደነበርና ዛሬ የብሩን ኖት ገልጠው ካዩ በኋላ ምርቃቱን የሚያሳጥሩ መኖራቸውን ማስታወስ ይበቃል።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ግልጽ ነው። የምስጋና ወረቀት አስቀድሞ በማስታወቂያ የሚለፈፍ የዋጋ ዝርዝር ሊሆን አይገባም፤ «አሮጊት ያሻገረ ይህን ያህል» ከተባለ ልጆች የማትሻገር አሮጊት ፍለጋ ይወጣሉ። ሽልማቱም ትንሽ መሆን አለበት፤ አንድ ዙር ጆተኒ፣ አንድ ደብተር፣ ጸጉር ቤት አንድ ጊዜ መስተካከል። ትልቅ ሲሆን ዓይን ከሥራው ላይ ተነሥቶ ዕቃው ላይ ያርፋል፤ ለአድልዎም በር ይከፍታል፤ የሰጪው የአክስት ልጆች በአንድ ወር ውስጥ ሁሉም ጨዋ ሆነው ይገኛሉ። ወጪውን በየብሎኩ ያሉ ባለሱቆች ቢጋሩት ከሚከብዳቸው ይልቅ የሚያተርፉት ይበዛል፤ ወረቀት ይዞ የመጣ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣምና፣ ቢያንስ ጓደኛ ያስከትላል።

ሌላው ጉዳይ የሰጪው አቀራረብ ነው። በእኛ አገር ፖሊስ አንድን ጎረምሳ በጣቱ ጠርቶ ሲያቆመው አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቆማል፤ «ምን አጥፍቶ ነው?» የሚለው ወሬ ከልጁ ቀድሞ እናቱ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ምስጋናው ለቆመው ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ መነገር አለበት፤ ወይም ደግሞ በብሎክ ኮሚቴው ወይም በዕድሩ ሰብሳቢ በኩል ወደ ቤቱ ቢላክ ይሻላል። ለ17 ዓመት ወጣት ሁለተኛው ይመረጣል፤ በጓደኞቹ ፊት በፖሊስ መመስገን በዚያ ዕድሜ ከመቀጣት ይልቅ የሚያሳፍርበት ጊዜ አለና።

በወረቀቷ ላይ የሚጻፈው ቃልም እንደ ሽልማቱ ሊታሰብበት ይገባል። «ጎበዝ ልጅ» የሚል ጽሑፍ ለማንም ይሆናል፤ ልጁም ምን አድርጎ ጎበዝ እንደተባለ አያውቅም። የሠራውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን መጻፍ ግን ለእናቱ ሊያነብላት የሚችለው ነገር ይሰጠዋል። ያ የተማሪ ትራፊክ ወረቀት ቢሰጠው ኖሮ ሊጻፍለት ይገባ የነበረው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሁለት ሕፃናትን ከመኪና ፊት ጎትቶ አውጥቷል። ሰሌዳውን የጣለው ለዚህ ነው።»