ሴትታይምአውት ምንድን ነው?

ጃቫስክሪፕት የጀመርኩ ሰሞን «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ለሦስት ሰከንድ አሳይቶ የሚያጠፋ ገጽ መሥራት ፈለግኩ። ሌላ ቋንቋ ላይ ስሊፕ የሚባል፣ ኮዱን ለተወሰነ ጊዜ የሚያስቆም ትእዛዝ ለምጄ ስለነበር እዚህም ፈለግኩት። የለም። እኔም አንድ ዋይል ሉፕ (እየደጋገመ የሚሠራ ኮድ) ጻፍኩና ሦስት ሰከንድ እስኪሞላ ሰዓቱን እያየ እንዲሽከረከር አደረግኩት። ገጹ ስታክ አደረገ። በተኑ አይጫን፣ ሳጥኑ ውስጥ ፊደል አይገባ። የሚገርመው፣ «ተልኳል» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ጭራሽ ሳይታይ ቀረ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮዱን የሚያስኬደው፣ ክሊክ የሚቀበለው፣ የተለወጠውን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ያው አንድ ትሬድ (ሥራዎችን አንድ በአንድ በተራ የሚያስኬድ መስመር) ነው። የእኔ ሉፕ ሽሮ ጥዶ ድስቱ ላይ እንዳፈጠጠ ሰው ነበር። በር ቢንኳኳ አይከፍት፣ ስልክ ቢጠራ አያነሳ።

ሴትታይምአውት ግን አደራ ነው። ለብሮውዘሩ «ከ3000 ሚሊሰከንድ በኋላ ይቺን ፈንክሽን (ስም የተሰጣት የኮድ ቁራጭ) ጥራልኝ» ትሉታላችሁ፤ ኮዱ ሳይቆም ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ፎር ሉፕ ውስጥ አሥር ጊዜ በ1000 ብትጠሩት፣ በየሰከንዱ አንድ አይመጣም፤ ከአንድ ሰከንድ በኋላ አሥሩም ተግተልትለው ይመጣሉ።

በየተራ እንዲመጡ ከፈለጋችሁ ሴትታይምአውቱን በፕሮሚስ (ኋላ የሚያልቅን ሥራ በሚወክል ነገር) ጠቅልሉት፤ ከዚያ አሲንክ በሆነ፣ ማለትም መሃል ላይ ቆሞ መጠበቅ በሚችል ፈንክሽን ውስጥ አዌይት («እስኪያልቅ ጠብቅ») በሉት። ይህ አጻጻፍ በ2017 ነው የቋንቋው ደረጃ ውስጥ የገባው። የሚጠብቀው ያ ፈንክሽን ብቻ ነው፤ ገጹ ሥራውን ይቀጥላል።

አንድ ምሽት ሙሉ የበላችኝ ነገር ደግሞ ቅንፍ ናት። ፈንክሽኑን በስሙ ብቻ ስጡት። ስሙ ላይ ቅንፍ ከጨመራችሁ እዚያው ይጠራል፣ ሦስት ሰከንድ የሚባል ነገር የለም።

ሰዓቱንም እንደ ቀጠሮ አትመኑት። 3000 ማለት «ከዚያ በፊት አይሆንም» ማለት ነው። ትሬዱ ሥራ ከያዘ ወረፋ ይጠብቃል፤ 0 ብትሉት እንኳ አሁን የሚሠራው ኮድ ሳይጨርስ አይገባም። ተጠቃሚው ወደ ሌላ ታብ ከሄደም ብሮውዘሩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ያዘገየዋል።

ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ አደራው ይሰረዛል። ሴትታይምአውት ሲጠራ አንድ ቁጥር ይመልሳል። እሱን ያዙና ለክሊርታይምአውት ስጡት።