ፒደብሊውዲ፦ ያሉበትን ማውጫ የሚነግር ትዕዛዝ

ፒደብሊውዲ (pwd) በዩኒክስና እንደ ሊኑክስ ባሉ ዩኒክስ መሰል የኮምፒውተር ማስኬጃ ሲስተሞች ላይ፣ ተጠቃሚው በተርሚናል (ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የሚሠራበትን ማውጫ (ፎልደር) ሙሉ አድራሻ የሚያሳይ ትዕዛዝ ነው። ስሙ «የሥራ ማውጫውን አትም» የሚል ትርጉም ካላቸው ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ነው። ከዩኒክስ በፊት መልቲክስ በተባለው ሲስተም ላይ ነበር፤ ወደ ዩኒክስ የገባው በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛው እትም ነው።

በሥራ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የሥራ ማውጫ አለው፤ ይህንንም ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ይመዘግብለታል። በስላሽ የማይጀምር የፋይል ስም ሁሉ የሚፈለገው ከዚያ ማውጫ ተነስቶ ነው። ስለዚህ ፋይል ከመሰረዝ በፊት ይህን ትዕዛዝ መስጠት ሊለመድ የሚገባ ጥንቃቄ ነው።

አድራሻው የሚገኝበት የጥንቱ ዘዴ በጣም ያምራል። ማውጫ የራሱን ስም አይዝም፤ ስሙ የተጻፈው በወላጁ፣ ማለትም እሱን በያዘው ማውጫ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ያለበትን ማውጫ የኢኖድ ቁጥር (ሲስተሙ ለፋይሎችና ለማውጫዎች የሚሰጠውን መለያ ቁጥር) ይዞ ወደ ወላጁ ይወጣል፣ ያ ቁጥር የትኛው ስም አጠገብ እንደተጻፈ ይፈልጋል፣ ስሙን ይይዝና ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። የማውጫውና የወላጁ ቁጥር አንድ ሲሆን ሥሩ ላይ፣ ማለትም ከሁሉ በላይ ያለው ማውጫ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ዛሬ በሊኑክስ ይህን ሁሉ ከርነሉ በአንድ ጥሪ ይመልሳል።

አንዳንዴ ግን «የት ነው ያለሁት?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልሶች ይኖራሉ። «/ሥራ» የሚባለው ስም ወደ «/ዳታ/2024/ሥራ» የሚያመራ ሲምቦሊክ ሊንክ ቢሆንና በእሱ በኩል ብንገባ፣ ትዕዛዙ አብሮት በሚጻፍ የኤል አማራጭ (-L) የመጣንበትን መንገድ «/ሥራ» ብሎ ይነግረናል፤ በፒ አማራጭ (-P) ደግሞ ሊንኩን ፈትቶ እውነተኛውን ቦታ ያሳያል። ፖዚክስ የተባለው የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ደረጃ ትዕዛዙ ያለ አማራጭ ሲጠራ እንደ ኤል እንዲሠራ ያዛል። ባሽ (በተርሚናል የተጻፉ ትዕዛዞችን ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም) በውስጡ የያዘው ፒደብሊውዲ ይህንኑ ይከተላል፤ ግኑ የተባለው የሶፍትዌር ፕሮጀክት ያዘጋጀውና ለብቻው የተጫነው የፒደብሊውዲ ፕሮግራም ግን በልማዱ እንደ ፒ ይሠራል። ስክሪፕት (በፋይል የተደረደሩ ትዕዛዞች) የሚጽፍ ሰው የሚፈልገውን አማራጭ በግልጽ ቢጽፍ ይሻላል።

በዊንዶውስ የጥንቱ የትዕዛዝ መስኮት ሲዲ ብቻውን ሲጻፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ፓወርሼል ደግሞ ፒደብሊውዲን በቅጽል ስምነት ይቀበላል።

የቆምንበት ማውጫ በሌላ ተርሚናል ቢሰረዝ፣ የባሹ ፒደብሊውዲ የሚያስታውሰውን የድሮ አድራሻ ሊያትም ይችላል፤ የግኑ ፕሮግራም ግን ስህተት ያሳውቃል።