መቄዶንያ፣ ስሙና መፈክሩ

መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ህሙማን መርጃ ማዕከል ጎዳና የወደቁ ሽማግሌ አሮጊቶችንና የአእምሮ ህመምተኞችን እያነሳ የሚጦር፣ ዋና ግቢው አዲስ አበባ ያለ ተቋም ነው። ሙሉ ስሙን የሚጠራው ግን የለም፣ መቄዶንያ ካልክ በቃ። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ቤተሰቦቹ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሰብስቦ ነው የጀመረው፣ ዛሬ ክልል ላይ ካሉት ቅርንጫፎች ጋር ከ7 ሺህ በላይ ሰው ይጦራል።

ስሙ የተወሰደው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ነው፣ ጳውሎስ በራእይ አንድ የመቄዶንያ ሰው ቆሞ ተሻገርና እርዳን ሲለው ያየበት ቦታ። ስለዚህ ስሙ ራሱ ጥሪ ነው። እንደዛም ሆኖ ግቢው ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፣ መፈክሩም ላይ የሃይማኖት ቃል አታገኝም፤ "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" ነው የሚለው።

እኔ እንደሚመስለኝ ተቋሙን ተቋም ያደረገችው ይቺ አረፍተ ነገር ናት። የኤንጂኦ አማርኛ ታውቁታላችሁ መቼስ፣ "ተጋላጭ የህብረተሰብ ክፍሎችን ተጠቃሚ ማድረግ" ምናምን፣ አንብበህ ስትጨርስ ማን ምን እንደሚሰራ አይገባህም። ይቺ ግን ቲሸርት ላይም ትጻፋለች፣ ያልተማረችው እናቴም በቃሏ ትላታለች፣ ደግሞ ሁላችንም የያዝናትን "ሲኖረኝ እረዳለሁ" የምትል ሰበብ ቀድማ ትዘጋብሃለች፣ ምክንያቱም በቂ ነው የተባለው ብር አይደለም። ሲለምኑም አይሽኮረመሙም፣ የአዋቂ ዳይፐር ጨርሰናል ብለው በግልጽ ይናገራሉ፣ "የንጽህና መጠበቂያ ቁሳቁስ" ቢሉ ማን ገዝቶ ይሄዳል?

ሌላው ድግሱ ነው። ልደት፣ ሰርግ፣ ሙት ዓመት ያለው ሰው ቀን ያስይዝና የዛን ቀን የቁርስ ወይ የምሳ ወይ የእራት ወጪ ይችላል። ኬኩ አረጋውያኑ መሃል ይቆረሳል፣ ሙሽራዋ ቬሎዋን እንደለበሰች እንጀራ ታቀርባለች፣ እነሱም እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። አሪፍ ሃሳብ ነው ብዬ የማደንቀው አዲስ ነገር ስላልፈጠረ ነው፣ ዝክርና ተዝካር ድሮም ነዳያንን ማብላት አልነበር እንዴ፣ መቄዶንያዎች አድራሻ ሰጡት።

አመራሩ ላይ ስንመጣ ነገሩ ሁሉ ቢኒያም ነው። ቲቪ ላይ እሱ፣ ፖስተር ላይ እሱ፣ በ2017 ዓ.ም. ለጅምር ህንፃው ማስጨረሻ በዩቲዩብ ላይቭ ያ ሁሉ ብር ሲሰበሰብም እሱ። ይሄ ጥንካሬም ነው ስጋትም ነው። ከሱ በፊት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና፣ እዳዬ የምንላቸው፣ ከግሸን ማርያም 2 ህፃናት ይዘው ተመልሰው የጀመሩት የህፃናት ማሳደጊያ ድርጅት በስማቸው ነው የሚጠራው፣ በ2013 ካረፉ በኋላም ቀጥሏል። መቄዶንያ በተቃራኒው የሰው ስም የለበትም፣ ግን መንገድ ላይ አንዱን አስቁመህ ብሩን የላክኸው ለመቄዶንያ ነው ለቢኒያም ብትለው "ያው አይደል እንዴ" ነው የሚልህ።