የአፈጻጸም አመልካች ምንድን ነው? «ዘጠና ምናምን በመቶ» ከየት ይመጣል?

የምክር ቤት ጉባኤ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሪፖርቱ እንዴት እንደሚነበብ ያውቃል። የዕቅዱ ዘጠና ምናምን በመቶ ተከናውኗል ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ይታለፋል። በዚያው ሰዓት ባሕር ዳር ውስጥ ጀሪካን ደርድራ ውሃ እስኪመጣ የምትጠብቅ እናት አትጠፋም። ሪፖርቱም ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ጀሪካኑም ባዶ ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ለመረዳት የአፈጻጸም አመልካች የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

አመልካች ማለት አንድ አገልግሎት እየተሻሻለ ነው ወይስ እየባሰበት የሚለውን የሚያሳይ፣ ተቆጥሮ የሚታወቅ ነገር ነው። ቢሮ ውስጥ «ኬፒአይ» ሲሉትም ትሰማላችሁ። «የውሃ አቅርቦትን ማሻሻል» አመልካች አይደለም፣ ምኞት ነው። አመልካች የሚሆነው ምን እንደሚቆጠር፣ ዛሬ ስንት ላይ እንዳለ፣ እስከ መቼ ስንት ሊደርስ እንደታሰበና ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ሲታወቅ ነው። መነሻው ካልተጻፈ ኢላማው ትርጉም የለውም። ይህን የሚዘል ዕቅድ ደግሞ ሞልቷል።

ጥሩ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ከ2008 እስከ 2012 በነበረው በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ አለ። ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ውሃ ይላል። ለገጠር ደግሞ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ 25 ሊትር። 80 ሊትር ማለት አራት ባለ 20 ጀሪካን ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት በቀን 20 ጀሪካን። እንዲህ ሲቀመጥ ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ማመሳከር ይችላል። መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም።

ታዲያ ዘጠና ምናምኑ ከየት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ ከክብደት። አንድ መሥሪያ ቤት የዓመቱን ሥራ ሲያቅድ ለእያንዳንዱ ተግባር ክብደት ይሰጠዋል፣ ድምሩ 100 ይሆናል። እንበልና የአንድ ከተማ ውሃ አገልግሎት ለስልጠናና ለግንዛቤ ማስጨበጫ 40፣ ለአዲስ መስመር ዝርጋታ 40፣ ለብልሽት ጥገና 20 ሰጠ። ስልጠናው ሙሉ በሙሉ ተካሄደ፣ 40 ተገኘ። መስመሩም ተዘረጋ፣ ሌላ 40። ከጥገናው የተሠራው ግማሹ ብቻ ነው፣ 10። ድምር 90። «በጣም ጥሩ» የሚል ደረጃ ያሰጣል። ቧንቧው ተሰብሮ ሳምንት የከረመበት ሰፈር ግን ከጠቅላላ ድምሩ ውስጥ የለም። ማንም አልዋሸም። ጉዳዩ ያለቀው ክብደቱ ሲከፋፈል ነው። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል ትልቁን ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ሪፖርቱ ሲቀርብ ሳይሆን ዕቅዱ ሲጸድቅ ይመስለኛል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ ዝም ያለ ሰው በግማሽ ዓመቱ ቢቆጣ ብዙም አይረባም።

ሌላው ነገር የሚቆጠረው ምን እንደሆነ ነው። የወጣው ገንዘብና የተገዛው መኪና ግብዓት ነው። የተሠራው ሥራ ተግባር ነው። ነዋሪው ያገኘው ለውጥ ደግሞ ውጤት ነው። ሪፖርቶቻችን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ጎበዝ ናቸው። ደረቅ ቆሻሻን እንውሰድ። ስንት ሜትር ኪዩብ ቆሻሻ ተነሳ የሚለው ይቆጠራል። ስንቱ ሳይነሳ ቀረ የሚለው ግን አይቆጠርም። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ውሃው ቶሎ አይወርድላትም። የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦው በፕላስቲክ ከተደፈነ ክረምት ሲገባ መንገዱ ኩሬ ይሆናል። ያልተደፈነው ደግሞ ያገኘውን ጠራርጎ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ይወስዳል። በሰኔ መጀመሪያ የተከፈቱና የተዘጉ ቱቦዎች ብዛት ከቆሻሻ መኪናው ምልልስ የበለጠ ብዙ ይናገር ነበር።

አማካይ ቁጥርም ይሸፍናል። የባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ማለት ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎች ብቻ አይደሉም፣ በዙሪያው ያሉ ትንንሽ ከተሞችም አሉበት። ዘጌ አለ፣ ጢስ ዓባይ አለ፣ መሸንቲ አለ። ለከተማው በሙሉ አንድ ቁጥር ሲሰጥ መሃል ከተማው ዘጌን ይሸከምለታል። ዘጌ ላይ ያለው ሰው ግን ያ ቁጥር ቤቱ አይደርስም። በክፍለ ከተማና በቀበሌ ተከፋፍሎ ካልቀረበ ሪፖርቱ ግማሽ ነው።

ምክር ቤቱ ራሱ ምን መሣሪያ አለው? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። በተግባር ሥራው የቋሚ ኮሚቴዎች ነው። የሩብ ዓመት፣ የግማሽ ዓመት፣ የዘጠኝ ወርና የዓመት ሪፖርት ይመረምራሉ፣ የኦዲት ግኝት ያያሉ፣ ለመስክ ምልከታ ይወጣሉ። የመስክ ምልከታው ቀን አስቀድሞ ከተነገረ ግን ግቢው ይጠረጋል፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው መልስም ለዚያ ቀን ይጠፋል። ሳይነገር ቢኬድ ይሻላል።

አመልካች በማብዛት ችግሩ አይፈታም። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶችን በ198 ብሔራዊ አመልካቾች ይለካ ነበር። ሸክሙ በዛ ተባለና በ2010 እ.ኤ.አ. ተሰረዙ።

ከዚህ የተለየ መንገድም አለ፤ የማኅበረሰብ ውጤት ካርድ ይባላል። ኬር የተባለው የረድኤት ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ የጀመረው ነው። ወደ እኛም በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም በኩል መጥቷል። ተጠቃሚዎች በቡድን በቡድን ይቀመጣሉ፤ ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ አካል ጉዳተኞች ለብቻ። ለጤና ጣቢያው ወይም ለውሃው ነጥብ ይሰጣሉ፣ ለምን እንደሰጡም ይናገራሉ። ሠራተኞቹም ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ነጥቡ ሲራራቅ ነው ወሬው የሚጥመው። አንዳንዴ ነርሷ ትክክል ሆና ትገኛለች፤ መድኃኒቱ ያልመጣው ከበላይ ነው። በመጨረሻ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ በጋራ ይጻፋል። የሴቶቹ ቡድን ለብቻው መቀመጡ ዝርዝር ነገር አይምሰላችሁ። ውሃ የምትቀዳዋ ሴት ናት፤ ስብሰባ ላይ የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ አባወራው ነው።

የቁጥሩ ምንጭም መታየት አለበት። የሚለካው መሥሪያ ቤት ራሱ ለኪ ከሆነ ጥርጣሬ ይኖራል፣ ይህ የሰው ባሕርይ ነው። ግን ሁልጊዜ አዲስ ጥናት ማስጠናት አያሻም። የብልሽት መዝገቡ ላይ አቤቱታው የቀረበበት ቀንና ጥገናው ያለቀበት ቀን ጎን ለጎን ከተጻፈ፣ ኮሚቴው መዝገቡን አስቀርቦ በየቀበሌው ስንት ቀን እንደፈጀ ከሰዓት በፊት ጨርሶ ማስላት ይችላል። ለዚያ ካልኩሌተርና ቁጭ የሚል ሰው ይበቃል።